በብብት የሄደ ደም

አምስት ዝናብ ተከታትሎ ቀረ። የመጀመሪያው ሲቀር ሰው ሣር ፍለጋ ከብቱን ነዳ። ሁለተኛው ሲቀር የነዳውን መለሰ፤ የሄደበትም አገር ደርቆ ነበርና። ሦስተኛው ሲቀር በጉ አለቀ። አራተኛው ሲቀር ከብት መውደቅ ጀመረ። አምስተኛው ሲቀር የሚወድቀውም አነሰ።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ከነጌሌ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ቆዳ የለበሰ አጥንት ተኝቶ ነበር። አሞራው ከመጥገቡ የተነሳ መኪና ሲመጣበት አይነሳም። ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ ሲሆን በሳምንት፣ ሳይሆን በሁለት ሳምንት። ከሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይገለበጣል፤ ሰው በጀሪካን ይቀዳል፤ መጨረሻ ላይ ከሥሩ የሚቀረው አረንጓዴ ነው። እሱም ይቀዳል።

የወደቀች ላም በራሷ አትነሳም። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ተጠራርቶ ያነሳታል። ሁለት ሰው ቀንዷን፣ ሁለት ሰው ጅራቷን ይይዛል፤ አንድ ሰው ደግሞ ከሆዷ ሥር ገብቶ በጀርባው ይገፋል። ካላነሷት እዚያው ትቀራለች። ከሆዷ ሥር የምትገባው ኢቢሴ ነበረች። ከወንዶቹ ይልቅ ጀርባዋ ይጠነክራል። ኢቢሴ የወዳጄ የኩራ ልጅ ናት፤ ከአራት ልጆቹ በሕይወት የቀረችው እሷ ብቻ ናት። አንድ ቀን ያነሷት ላም ተመልሳ ወደቀችና ሰኮናዋ የኢቢሴን ቅልጥም ሰነጠቀው። ኢቢሴ ከገንዳው ሥር በተቀዳው ውሃ አጠበችው፤ በጨርቅ አሰረችው፤ ወደ ሌላዋ ላም ሄደች።

እኔ ሥዩም እባላለሁ። የጋይንት ሰው ነኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ነጌሌ የመጣሁት በወታደርነት ነው፤ የቀረሁት በኩራ ምክንያት ነው።

በ1983 ግንቦት ጦሩ ሲበተን መሣሪያዬን ጥዬ በእግሬ ወደ ሞያሌ አቀናሁ። መንገዱን አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ውሃዬ አለቀ። በአራተኛው ቀን ከአንድ ግራር ሥር ተኛሁ፤ መነሳት አልቻልኩም። ኩራ በግመል ውሃ ጭኖ ወደ ጥጆቹ ሲሄድ አገኘኝ። እሱ አንድ ቃል አማርኛ አያውቅም፤ እኔ አንድ ቃል ኦሮምኛ አላውቅም። ጣቱን እየነከረ ከንፈሬን አራሰ። ከዚያ በእፍኙ ሰጠኝ። ከዚያ በኩባያ። ሁለት ቀን ከአጠገቤ አልሄደም። እኔ ስነሳ የእሱ ውሃ አለቀ። ከብቶቹ ዘንድ ሲደርስ ሁለት ጥጆች ሞተው ቆዩት። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ሚስቱ ናት።

ደመወዝ መያዝ ስጀምር ሁለት ጊደር ገዝቼ ነዳሁለት።

“ለምንድን ነው?” አለኝ።

“ለጥጆቹ።”

“ጥጆቹን የገደለ ድርቅ ነው። አንተ ድርቅ ነህ?”

“ለውሃው ይሁን እንግዲህ።”

“ውሃ በከብት አይከፈልም። ንዳና ተመለስ።”

ነድቼ ተመለስኩ። ጊደሮቹም የታዘቡኝ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ኩራ ወደ ከተማ ሲመጣ የሚያርፈው እኔ ቤት ነው። ሻይ ይጠጣል። ወተት ይጠጣል። ውሃ ግን ከቤቴ ጠጥቶ አያውቅም። በሐሩር ሠላሳ ኪሎ ሜትር በእግሩ መጥቶ ውሃ ስቀዳለት “አልጠማኝም” ይላል። የቦረና ሕግ ነው አልልም፤ ሌላ ቦረና እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም። የኩራ ሕግ ነው። ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ያ ውሃ ገና አልተመለሰም ማለቱ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ሥራዬ በረዶ ነበር። ደስታ የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ ለማጥፋት ዘመቻ ሲወጣ የክትባት ሳጥን ተሸካሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ክትባት ከሞቀ ይሞታል። ለምርመራ የሚላክ የከብት ደምም በበረዶ ይሄዳል። ከተልተሌ እስከ ፊልቱ በእግር፣ በግመል፣ በመኪና ተሸክሜያለሁ፤ የሳጥኑ ቴርሞሜትር ከስምንት ዲግሪ አልፎብኝ አያውቅም። በከተማው ሥዩም በረዶ ነው የሚሉኝ። ጡረታ ስወጣ ሳጥኑን ከነቴርሞሜትሩ ሰጡኝ። ክዳኑ ዛሬም ይገጥማል።

ኢቢሴን ቁስሉ አመርቅዞ ትኩሳት ሲጥላት ባዶውን በሚመለስ የውሃ ቦቴ አምጥተው ሆስፒታል አስገቧት። ኩራ ላከብኝና ሄድኩ።

“አካም፣ ሥዩም።”

“ናጋ ነው? እንዴት ነች?”

“አየኋት። አንተም እያት” አለኝ።

ዓይኗ ክፍት ነው፤ አታይበትም። ገላዋ ይፋጃል። ዶክተሯ ዕፀገነት ትባላለች፤ ቀጭን ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም።

“ከመምጣቷ በፊት ምን መድኃኒት ወስዳለች?” ብላ ጠየቀች።

“ምንም” አለ ሀምዛ፣ የኢቢሴ ባል።

የኢቢሴን ክንድ አየሁ። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ የሎሚ ፍሬ የሚያህል ጠጣር እብጠት አለ። እንዲህ ያለውን በላም አንገት ላይ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

“የከብት መርፌ ተወግታለች” አልኩ። “ከሁለት ቀን አይበልጥም።”

ሀምዛ ወደ እኔ ዞረ። “ሽማግሌ፣ አንተ የኛ ሰው ነህ ወይስ የቀበሌ?”

“ዓይን አለው” አለ ኩራ። “ዓይን ያለውን ሰው አየህ ብለህ አትቆጣ።”

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ጻፈችው። “ማወቄ ይጠቅመኛል” አለች። ቀጥላም ከቁስሉ የገባው ተህዋስ ደሟ ውስጥ መግባቱን፣ ጉበትና ኩላሊቷን ሳይጥል በፊት መያዝ እንዳለበት ነገረችን።

መርፌ ጀመሩላት። ሦስት ቀን ሞላት፤ ትኩሳቱ አልበረደም። ከዚያ የሚበረታውን፣ ውዱን መርፌ ጀመሩላት። እሱም አልነካውም። ዶክተሯ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

“ማንን እንደምወጋ አላውቅም” አለችኝ። “ደሟ ሐዋሳ ሄዶ መመርመር አለበት። እዚያ የተህዋሱን ማንነትም፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ይነግሩናል።”

የሆስፒታሉ መኪና ድርቁ ወደበረታባቸው ቀበሌዎች ወጥቶ ነበር። “እኔ በሚኒባስ እልከዋለሁ፤ ሾፌሮቹን አውቃለሁ” አልኩ። የላብራቶሪው ሰው በፍቃዱ ብልቃጡን በጥጥ ጠቅልሎ በካርቶን አሽጎ ሰጠኝ።

“ጋሽ ሥዩም፣ እንዳለ ይሂድ” አለኝ።

“ልጄ፣ ይሄን ሥራ ሠላሳ ዓመት ሠርቼዋለሁ” አልኩት።

ቤቴ ወሰድኩት። ካርቶኑን ሳየው ናቅሁት። ደም በጥጥ ሲላክ አይቼ አላውቅም። ከጭማቂ ቤቱ በረዶ አመጣሁ፤ ሳጥኔን አጠብኩ፤ ብልቃጡን ከበረዶው መሃል አስቀመጥኩ። ቴርሞሜትሩ አራት ሲል ክዳኑን ዘጋሁና ለሾፌሩ አስረከብኩ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። የሆነ ነገር የመለስኩ መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን እኔና ኩራ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሳለ ዶክተሯ ወጣች። በፍቃዱ ከኋላዋ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

“ምንም አልወጣም” አለች። “ብልቃጡ በበረዶ ውስጥ ነው የደረሰን ይላሉ። በፍቃዱ በጥጥ ጠቅልዬ ሰጠሁ ይላል። ሾፌሩ ይሆናል መሰለኝ…”

ሾፌሩ እዚያ የለም። ዝም ብል ነገሩ በእሱ ላይ ይቀር ነበር።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “ከጥጡ አውጥቼ በረዶ ውስጥ ከተትኩት።”

ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች።

“አባቴ፣ የእርስዎ የከብት ደም ሌላ ነው። እዚያ የሚፈለገው እንዳይበላሽ ነው። እዚህ የምንፈልገው እንዲበቅል ነው። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ለተህዋሱ ምግብ ነው። ይበላል፣ ይባዛል፣ ከዚያ እናየዋለን።”

“እንደ ዘር?”

“እንደ ዘር።”

ዘር በረዶ ሲመታው ምን እንደሚሆን የጋይንት ልጅ አይጠፋውም። ለኩራ ቀስ ብዬ በኦሮምኛ ነገርኩት። ምንም አላስቀረሁም። አራት ቀን አጥፍቼበታለሁ፤ ልጁ አራት ቀን የላትም።

ኩራ ከዘራውን መሬት ላይ ሲያሽከረክር ቆየ።

“አንተ የምታውቀው በረዶ ነው” አለኝ። “አሁን ሌላውን ተማር።”

“ያለን አንድ ብልቃጥ ነው” አለች ዶክተሯ። “ነገ ጠዋት ከመርፌዋ በፊት እቀዳላታለሁ። ሙቀቱ ከሰው ገላ እንዳይወርድ። እንዳይግልም። በዚያው ቀን መድረስ አለበት።”

“ብብቴ ውስጥ አድርጌ ራሴ እወስደዋለሁ” አልኩ።

ሀምዛ ሳቀ፤ ደስ ያለው ሰው ሳቅ አይደለም። “እሱ? ያጠፋው ሰው?”

“ያጠፋው ይሂድ” አለ ኩራ። “አንዴ የጠፋበት ሰው መንገዱን ያያል።”

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ብልቃጡ በግራ ብብቴ፣ ከቆዳዬ ጋር፣ በነጠላ ቅዳጅ ታስሮ ነበር። አጠገቡ የሳጥኔን ቴርሞሜትር ሸጉጬ ነበር። መጀመሪያ ለሙቀቱ ብዬ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ወዲያው ሠላሳ ስምንት አለ። ተነሳሁና መሃል ካሉት ወንበሮች ወደ አንዱ ሄድኩ። ሠላሳ ስድስት ላይ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ ቁጥሩ እንዳይወጣ ስጠብቅ ኖሬ፣ አሁን እንዳይወርድ እጠብቃለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠው ወፍራም ሰው ዓብዱሰመድ ይባላል። የፊልቱ የግመል ነጋዴ ነው፤ የሚሸጥ ግመል ስላለቀበት ሐዋሳ ወንድሙ ዘንድ እየሄደ ነበር። ኮሌታዬን ከፍቼ ወደ ብብቴ ስመለከት ሦስት ጊዜ ዝም ብሎ አየኝ። በአራተኛው አልቻለም።

“አባው፣ ምን ታቅፈዋል?”

“ብልቃጥ።”

“እኔ እንቁላል መስሎኝ። እንደ ዶሮ ጎንበስ እያሉ ያያሉ።”

“እንደሱ በለው።”

“መቼ ነው የሚፈለፈለው?”

“ዛሬ ሐዋሳ ከደረሰ።”

ነገሩን ነገርኩት። ሲሰማ ቀልዱን አቆመ፤ ብዙ ግን አልቆየም።

ዋደራ ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። አንድ ወታደር እየፈተሸ ደረሰብኝ።

“አባት፣ እጅ ወደ ላይ።”

ቀኝ እጄን አነሳሁ።

“ሁለቱንም።”

“ግራው አይነሳም።”

“ለምን?”

“ደም ይዣለሁ።”

ወታደሩ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲህ ዓይነት መልስ ብሰማ ወደኋላ እል ነበር።

“ዶሮ ነው፣ ጌታዬ” አለ ዓብዱሰመድ ከኋላዬ። “ከእንቁላሉ ካስነሱት ይቀዘቅዝበታል።”

የዶክተሯ ማኅተም ያለበት ወረቀት በቀኝ እጄ አወጣሁ። ወታደሩ አነበበ። ኮሌታዬን ገልጦ ቀይ ፈሳሽ ያለበትን ብልቃጥ አየ። በጣቱ ሊነካው ፈልጎ ተወው።

“የማን ደም ነው?”

“የልጄ።”

ውሸት ነው አልልም።

“ይግቡ” አለኝ። ሌሎቹ ሲፈተሹ እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ።

ክብረ መንግሥትን አልፈን ወጣን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይነሳል። ቦሬ ደጋ ነው። እኛ በቆላ ተቃጥለን ስንሞት ቦሬ ላይ ጉም ነበር፤ ቀርከሃው ይንጠባጠባል። የመስኮቱ መስታወት አይዘጋም፤ ረዳቱ በካርቶን ቢደፍነውም ነፋሱ ይገባል። ሠላሳ አምስት ተኩል አለ።

እዚያ ላይ የኋላው ጎማ ፈነዳ።

ረዳቱ ክሪክ ሲፈልግ፣ ያገኘው ክሪክ ሲንሸራተት፣ ከሌላ መኪና ሲለምን አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ተሳፋሪው ወርዶ እሳት አነደደ። እኔ አልወረድኩም፤ እሳት እንደ ሞተሩ ነው፣ አንዱን ጎን ይጠብሳል፣ ሌላውን ይተዋል። ኮቴን ደረብኩ። ነጠላዬን ደረብኩ። ተኮራመትኩ። የሽማግሌ ገላ ጥቂት እሳት ነው ያለው፤ እሱም ወደ እጅና ብብት አይደርስም። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ አራት ተኩል። ጥርሴ መጋጨት ጀመረ። ሠላሳ አራት።

ዓብዱሰመድ ከእሳቱ ተመለሰና አየኝ።

“አባው፣ እርስዎ አጥንት ነዎት። እኔ ስብ አለኝ። ስጡኝ።”

“ይሄን ሥራ…” ብዬ ጀመርኩ።

አልጨረስኩትም። የጭማቂ ቤቱ በረዶ ትዝ አለኝ። የበፍቃዱ አመድ የመሰለ ፊት ትዝ አለኝ። የነጠላውን ቅዳጅ ፈታሁና ብልቃጡን ከነቴርሞሜትሩ ሰጠሁት። ሸሚዙን ከፍቶ ብብቱ ውስጥ ሲከተው ጮኸ።

“ወላሂ ይቀዘቅዛል! ሬሳ ነዎት እንዴ?”

“አትጫነው። ክንድህን ላላ አድርግ።”

“እሺ።”

“አትሳቅ፤ ይናወጣል።”

“አሁንማ እኔ ነኝ ዶሮዋ” አለና ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ያ ሰው ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ በዕድሜው የመጀመሪያው ይመስለኛል። በየጊዜው ቁጥሩን ይነግረኛል። ሠላሳ አራት ተኩል። ሠላሳ አምስት ተኩል። ሠላሳ ስድስት ተኩል ሲል ጎማው ገባና ሄድን። ሐዋሳ እስክንደርስ እሱ ጋር ተውኩት።

ላብራቶሪው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረስን። በሩ ላይ የጠበቀችን እድላዊት የምትባል ሴት ናት፤ ዶክተሯ ደውላላት ነበር። ዓብዱሰመድ ሸሚዙን ከፍቶ ሰጣት። ብልቃጡን በእጇ ጀርባ ነካችው።

“ይሞቃል” አለች። ይዛው ገባች።

ዓብዱሰመድ ስልኬን ጻፈና ወደ ወንድሙ ሄደ። እኔ ነጌሌ አልተመለስኩም። ቀን ቀን ላብራቶሪው በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ እቀመጥ ነበር። እድላዊት ስትገባም ስትወጣም ታገኘኛለች። በመጀመሪያው ቀን “አባባ፣ እዚህ ቢቀመጡ አይፈጥንም” አለችኝ። “አውቃለሁ” አልኳት። ኩራ ከግራሩ ሥር ሁለት ቀን ሲቀመጥም የፈጠነ ነገር አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ወጥታ “በቅሏል” አለችኝ። “የትኛው መድኃኒት እንደሚይዘው ለማየት አንድ ቀን ይቀረኛል።”

ወደ ነጌሌ ደወልኩ። ኩራ ስልኩን አንስቶ “ትተነፍሳለች” አለኝ።

በሦስተኛው ቀን እድላዊት አስገባችኝ። ክዳን ያለው፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ሳህን አሳየችኝ። ሳህኑ ላይ እንደ ሣር የተዘራ ነገር በቅሏል። ከላዩ ቁልፍ የሚያህሉ ክብ ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ወረቀት አንድ አንድ መድኃኒት የተነከረበት ነው። ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። በአብዛኛው ወረቀት ዙሪያ ሣሩ እስከ ጫፉ ደርሶ ገጥሟል፤ መድኃኒቱን ከምንም አልቆጠረውም። በአንዱ ዙሪያ ጠባብ ክፍተት አለ። በሌላው ዙሪያ ግን ከብት ሲረግጠው እንደኖረ የጉድጓድ ዳር ሰፊ ባዶ መሬት አለ።

“ይሄኛው ነው” አልኩና ጣቴን ዘረጋሁ።

አየችኝ። “ማን አስተማረዎት?”

“ከብት የዋለበትን መሬት አውቃለሁ። ምንድን ነው መድኃኒቱ?”

“ኮትሪሞክሳዞል።”

“ውድ ነው?”

“ርካሽ ነው። እንክብሉ በየጤና ጣቢያው አለ። የውዶቹን መርፌዎች ግን ይሄ ተህዋስ አይፈራቸውም፤ ተፈጥሮው ነው። ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው። ጤነኛ ሰው ብዙም አይነካም። የደከመና የቆሰለ ሲያገኝ ይገባል።” የተህዋሱን ስም ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፤ ረጅም ነው፤ አልያዝኩትም። “በዚህ ሥራ ስድስት ዓመቴ ነው” አለች፤ “ከሰው ደም ሲወጣ ሳየው ሁለተኛዬ ነው።”

እዚያው ቆሜ እያለሁ ለዶክተር ዕፀገነት ደወለች። ዶክተሯ መልሳ መላልሳ ጠየቀች፤ እድላዊትም ቁጥሮችን መላልሳ ነገረቻት። ስልኩ ሲዘጋ ተቀመጥኩ።

ነጌሌ ስደርስ እንክብሉን ፈጭተው በውሃ በጥብጠው በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ እየሰጧት ነበር። ብዙ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ። ዶክተሯ ራሷ ትለካለች። የመጀመሪያው ቀን ለውጥ አልነበረም። በሁለተኛውም አልነበረም። ሀምዛ “ይሄን ነጭ ክኒንማ እናቴ ለሳል ትውጠው ነበር” አለ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቷ ጠዋት ወርዶ ማታ ወጣ። በአራተኛው ቀን ወርዶ ቀረ።

በአምስተኛው ቀን ቱቦውን አወጡላት። ኩራ ከራስጌዋ ነበር፤ እኔ በር ላይ። ዓይኗ ዞሮ አባቷን አገኘ።

“ላሟ ተነሳች?” አለች።

“ተነስታለች” አለ ኩራ።

ላሟ ከሞተች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ኩራ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ዓብዱሰመድ ደወለ።

“አባው፣ እንቁላሉ ተፈለፈለ?”

“ተፈለፈለ።”

“ወንድ ነው ሴት?”

“ሴት ናት። ላም ትጠይቃለች።”

ስልኩን ከጆሮዬ እስካርቅ ድረስ ሳቀ።

ዶክተሯ ስለ ውሃው ስትነግረን ኩራ በጥሞና ሰማ። በማግስቱ እኔና እሱ ወደ ሰፈሩ ሄድን። ቀጣዩ ቦቴ ከመድረሱ በፊት ገንዳውን ማራገፍ ነበረብን። ከሥሩ የቀረውን አረንጓዴ ውሃ ስንደፋው ሴቶቹ ተቆጡ፤ በዚያ ዓመት ውሃ መድፋት ያስቆጣል። ኩራ ቆሞ ነገራቸው። ከዚያ ሱሪያችንን ጠቅልለን ገባንና ግድግዳውን በክሎሪንና በሽቦ ብሩሽ ፈተግን። የእሱ ወገብ አይታጠፍም፤ የኔ ጉልበት አይታጠፍም። እሱ ላይኛውን፣ እኔ የታችኛውን ተካፈልን። ቦቴው ሲመጣ ገንዳው ነጭ ነበር። ሾፌሩ የተሳሳተ ቦታ የመጣ መስሎት ቆመ።

ኢቢሴ በመጋቢት አጋማሽ ከሆስፒታል ወጣች። እግሯን ትጎትታለች፤ ዶክተሯ ይስተካከላል ብላለች። ወደ ሰፈር የሚወስዳቸው መኪና እስኪመጣ እኔ ቤት አረፉ። ኢቢሴ ከግቢው ጥላ ሥር ተኛች። ሀምዛ መኪናውን ሊፈልግ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ትከሻዬን ነካኝ። በቃኝ።

ኩራ ቤት ገብቶ ሁልጊዜ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከዘራውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። እኔ ከምድጃው ላይ ጀበናውን አንስቼ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጣድኩ።

“ሻዩን ተወው” አለ።

ወደ እሱ ዞርኩ።

“ውሃ ስጠኝ” አለኝ።

ኩባያውን አጠብኩ። ሁለተኛ አጠብኩት። ከእንስራው ቀድቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት። እሱም በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ቸኩሎ አልጠጣም። በመሃል አላረፈም። ሲጨርስ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና ኩባያውን መለሰልኝ።

ውስጡን አየሁ። ጠብታ አልቀረበትም።